ግሩፕ ሆም፣ ሪስፓይትና የመንግሥት እጅ፦ በአውስትራሊያ ያሉ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ሜልበርን ውስጥ ለቅሶ ቤት ወይም ክርስትና ላይ ስቀመጥ ከጎኔ ያለ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺ ስለዚህ ነገር ታውቂያለሽ አሉ» ብሎ ይጀምራል። ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም፤ ኦቲዝም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ወይም ከአደጋ በኋላ የመጣ ጉዳት። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ፎርም በመሙላትና ስብሰባ ላይ አብሮ በመቀመጥ የተማርኩትን ነው እዚህ ሰብሰብ ያደረግሁት። አብዛኛው ስለ ቪክቶሪያ ነው፤ ሌላ ክፍለ ግዛት የሚለይበትን እጠቅሳለሁ።

«ግሩፕ ሆም» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? «ሪስፓይት»ስ?

በአማርኛ «የጋራ መኖሪያ ቤት» ብል ሁሉም ሰው ኮንዶሚኒየም ይመስለዋል፤ ስለዚህ እንደለመድነው ግሩፕ ሆም እለዋለሁ። ጥቂት አካል ጉዳተኞች፣ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ፣ በአንድ ተራ የሰፈር ቤት አብረው የሚኖሩበትና ሠራተኞች በፈረቃ እየተቀያየሩ ቀን ከሌት የሚገኙበት ነው። ሪስፓይት ደግሞ እረፍት ነው። ልጁ ለጥቂት ቀናት ሌላ ቤት ሄዶ ይቆያል፣ ወይም ሠራተኛ ቤት መጥቶ ይይዘዋል፤ እናት ትተኛለች፣ ሐኪም ቤት ትሄዳለች፣ የሌሎቹን ልጆች ፊት ታያለች።

እነዚህን ቤቶች ድሮ መንግሥት ራሱ ያስተዳድራቸው ነበር ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ከዚያም በፊት የነበረው የባሰ ነበር። ሜልበርን ውስጥ ኪው በሚባለው ሰፈር በ1887 የተከፈተ «ኪው ኮቴጅስ» የሚባል ትልቅ ተቋም ነበር፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በመቶዎች ሆነው በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። ሚያዝያ 1996 በአንደኛው ሕንፃ ሌሊት እሳት ተነስቶ 9 ወንዶች ሞቱ። ግቢው ሙሉ በሙሉ የተዘጋው በ2008 ነው። ነዋሪዎቹ በከተማው ውስጥ ወደተበተኑ ትናንሽ ቤቶች ተዛወሩ፤ ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹን የሚያስተዳድረው፣ ሠራተኛውንም የሚቀጥረው የቪክቶሪያ መንግሥት ነበር።

ከዚያ ብሔራዊ የአካል ጉዳት መድን መርሐ ግብር፣ ሁላችንም ኤንዲአይኤስ የምንለው፣ መጣ። ሕጉ በ2013 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ በሙከራ ተጀመረ፤ ከሙከራ ቦታዎቹ አንዱ እዚሁ ጂሎንግ አካባቢ ነበር። ሐሳቡ ገንዘቡ ለድርጅት ሳይሆን በሰውየው ስም ይመደብ፣ አገልግሎት ሰጪውንም እሱ ይምረጥ የሚል ነው። ይህ ሲሆን ክፍለ ግዛቶቹ «እንግዲህ እኛ ቤት ማስተዳደሩን እንተው ወይስ እንቀጥል?» የሚለውን መመለስ ነበረባቸው። ኒው ሳውዝ ዌልስ እስከ 2018 ድረስ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ቪክቶሪያ የራሷን ግሩፕ ሆሞችና የሪስፓይት ቤቶች ለአምስት መንግሥታዊ ላልሆኑ ድርጅቶች አስረከበች፤ ርክክቡ ከ2019 ጀምሮ በየደረጃው ነው የተካሄደው። ኩዊንስላንድ ግን በመንግሥት የሚሰጠውን የመኖሪያ ድጋፍና የሪስፓይት አገልግሎት ይዛ ቀጠለች፤ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት እንደ ማንኛውም ድርጅት በኤንዲአይኤስ ተመዝግቦ ይሠራል። ስለዚህ ብሪዝበን ያለች እህትዎ የምትነግርዎና እርስዎ እዚህ የሚያዩት ላይገጥም ይችላል፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

ታዲያ መንግሥት እጁን ካወጣ በኋላ ተሻሻለ?

ይህን ስጠየቅ ሰዎች አጭር መልስ ይፈልጋሉ፤ የለኝም። አንዳንዱ ቤት ተሻሽሏል። አንዳንዱ ቤት ላይ ግን የተቀየረው በር ላይ የተለጠፈው የድርጅት ስምና የሠራተኛው ሸሚዝ ነው።

የኤንዲአይኤስን ጥራትና ደኅንነት የሚቆጣጠረው ኮሚሽን ትልልቅ ግሩፕ ሆም አስተዳዳሪ የሆኑ ሰባት ድርጅቶችን ፋይል አገላብጦ በ2023 መጀመሪያ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቅሬታዎችና የደረሱ ጉዳቶች ነበሩበት። በቤቱ ውስጥ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ማን እንደሚያጥባቸው፣ ስንት ሰዓት እራት እንደሚበሉ ነዋሪዎቹ የሚወስኑት ነገር እጅግ ጥቂት መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት መስከረም 29 የአካል ጉዳተኞች ሮያል ኮሚሽን፣ ማለትም በመንግሥት የተቋቋመው ከፍተኛ መርማሪ ኮሚሽን፣ የመጨረሻ ሪፖርት በ12 ቅጽ ይፋ ሆነ፤ 222 ምክረ ሐሳቦች አሉት።

እኔ የማየው ይህን ነው። ቤቱን መንግሥት ያስተዳድረው ወይም የግል ድርጅት፣ ቤቱ የሚሻሻለው ውጭ ሰው ሳያስታውቅ በሩን አንኳኩቶ መግባት ሲችል፣ ሠራተኛው በየሳምንቱ ሳይቀያየር ሲቆይና ነዋሪው «ይህን ሰው አልፈልግም» ሲል ሲደመጥ ነው። ባለቤትነቱ ላይ የምናባክነውን ክርክር እነዚህ ሦስቱ ላይ ብናውለው እላለሁ።

ቤቱን የሚያከራየውና እንክብካቤውን የሚሰጠው አንድ ድርጅት መሆኑ ችግር አለው?

አለው፤ ሰው ብዙም አያስተውለውም። በኤንዲአይኤስ ሁለቱ ገንዘቦች ይለያያሉ። አንደኛው ግድግዳውና ጣሪያው ነው፣ ማለትም ለከባድ ጉዳት ተብሎ የተሠራ ቤት፤ በእንግሊዝኛ ምህፃሩ ኤስዲኤ ይሉታል። ሁለተኛው ውስጥ ያለው ሰው ድጋፍ ነው፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒት መስጠት፤ ኤስአይኤል ይሉታል፣ ሠራተኞቹ «ሲል» ይሉታል። ኤስዲኤ ለጥቂቶች ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ከተጠቃሚዎቹ 6 በመቶ ገደማ ለሚሆኑ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው።

አሁን አስቡት። ባለቤቱም ሞግዚቱም አንድ ድርጅት ከሆነ፣ በሠራተኛው ቅር ያለው ሰው ለማን ይናገራል? ድርጅቱን ልቀይር ቢል ቤቱን ይለቃል። አገር ቤት የአከራይ ልጅ ሠራተኛ ሆኖ ሲገኝ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ቪክቶሪያ ውስጥ ርክክቡ ሲደረግ ብዙዎቹ ቤቶች የመንግሥት ንብረት ሆነው ቀርተዋል፣ ድጋፉን ግን ሌላ ይሰጣል፤ ይህ መለየት በራሱ ደግ ነገር ነው። ውል ከመፈረምዎ በፊት «ድጋፍ የሚሰጠውን ብንቀይር ልጁ ቤቱ ውስጥ መቆየት ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ኪራዩ ስንት ነው?

ኤስዲኤ በሆነ ቤት ነዋሪው የሚከፍለው ከአካል ጉዳት ጡረታው 25 በመቶ ሲሆን፣ ከሴንተርሊንክ፣ ማለትም ጡረታና ድጎማ ከሚከፍለው የመንግሥት ቢሮ፣ የሚያገኘው የኪራይ ድጎማ ካለ እሱም ይጨመራል። ምግብና የመብራት መዋጮ ለብቻው ነው። ከዚህ በላይ ኪራይ ሲጠይቁ ከሰሙ ጥያቄ ያንሱ።

እኛ ስደተኞች ነን፤ ይፈቀድልናል?

ኤንዲአይኤስ የሚሰጠው ለአውስትራሊያ ዜጋ፣ ለቋሚ ነዋሪና ለተወሰኑ የኒውዚላንድ ቪዛ ባለቤቶች ነው። በሰብአዊ ቪዛ የመጡ ቋሚ ነዋሪ ስለሆኑ ይችላሉ። በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ አይችሉም። ሲያመለክቱ ዕድሜ ከ65 በታች መሆን አለበት፤ እናትዎ 66 ከሆኑ የሚሄዱት ወደ አረጋውያን አገልግሎት ነው።

የአካል ጉዳት ጡረታ ሌላ ነገር ነው፣ ብዙዎች ያምታቱታል። ለእሱ በመርህ ደረጃ 10 ዓመት መኖር ያስፈልጋል፤ በስደተኝነት የመጡ ግን ከዚህ ነፃ ናቸው። ጎረቤትዎ «ጡረታ ከለከሉን» ቢልዎ ኤንዲአይኤስም ተከልክሏል ማለት አይደለም።

ልጄን ሪስፓይት ብልከው «ጣለችው» ይሉኛል። ምን ልመልስ?

ከማውቃቸው እናቶች አንዷ ለ11 ዓመት አንድ ሌሊት ሙሉ አልተኛችም ነበር። ልጇ ሌሊት ይነሳል፣ በሩን ከፍቶ ይወጣል፣ ስለዚህ ፍራሿን በሩ ሥር አንጥፋ ነው የምታድረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሌሊት ሪስፓይት ስትልከው መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ ቤት ገብታ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ተኛች። ልጇ ሲመለስ የራሱን ሳህን አንስቶ ሲንክ ውስጥ አስቀመጠ። እቤት አንድ ቀን እንኳ አስደርጋው አታውቅም፤ ለካስ ይችላል።

ለሰው የምትመልሺው ከፈለግሽ ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ልጅን አያት ቤት፣ አክስት ቤት መላክ ነውር አልነበረም። አያት እዚህ የለችም። ሪስፓይት የአያትን ቤት ነው የተካው፣ ግን ደመወዝ የሚከፈላቸው አያቶች ናቸው፤ ስለዚህ እንደ አያት ሳይሆን እንደ ሠራተኛ ልትመረምሪያቸው ይገባል።

በዓመት ስንት ቀን ነው?

ኤንዲአይኤስ ሲፈቅድ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት እስከ 28 ቀን ነው፤ ተከፋፍሎ መወሰድ ይችላል፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ እየተባለም ይሆናል። ዋናው ነገር ፕላኑ፣ ማለትም ኤንዲአይኤስ የፈቀደው ድጋፍና ገንዘብ የተጻፈበት ዕቅድ፣ ሲከለስ እርስዎ ራስዎ ምን ያህል እንደደከሙ መናገርዎ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» የምትለው መልስ ስንት ቤተሰብ እንዳስቀረች ቆጥሬ አልዘልቅም። ሐኪምዎ ስለ ወገብ ሕመምዎ ወይም ስለ እንቅልፍ ማጣትዎ የጻፈው ደብዳቤ ይረዳል። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሱ ለሁለት ሳምንት በደብተር ይጻፉ፣ ያንን ይዘው ይግቡ።

የተንከባካቢ ክፍያ ከሴንተርሊንክ የሚያገኙ ከሆነ፣ በዓመት 63 ቀን ድረስ ልጁ ሌላ ቦታ ቢቆይም ክፍያው አይቋረጥም። እርስዎ በድንገት ቢታመሙ ወይም ለቅሶ ቢደርስብዎ ደግሞ ኬረር ጌትዌይ የሚባለው አገልግሎት አስቸኳይ ሪስፓይት ያመቻቻል፤ ስልኩ 1800 422 737 ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «በኤንዲአይኤስ ገንዘብ ጎልድ ኮስት እንውሰዳችሁ» የሚሉ አሉ። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዝርዝር የሽርሽር ጥቅልንና የአውሮፕላን ትኬትን ከሚፈቀዱት ውጭ አድርጓል፤ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የሚጠየቁት እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሪስፓይት ቤት ስንጎበኝ ምን እንይ?

ሽታ። በሐቀኝነት፣ መጀመሪያ ሽታውን። ከዚያ ሠራተኛው ከነዋሪው ጋር ሲያወራ የሚያየው ማንን እንደሆነ ይመልከቱ፤ እርስዎን እያየ ስለ ልጁ «እሱ» እያለ የሚያወራ ከሆነ ልብ ይበሉ። ሌሊት አንድ ሠራተኛ ስንት ሰው ይይዛል? ያ ሠራተኛ ይተኛል ወይስ ነቅቶ ያድራል? ባለፉት ስድስት ወራት ስንት ሠራተኛ ለቀቀ? ፍሪጁ ላይ ቁልፍ አለ ወይ? ሌሎቹ የሚቆዩት ሰዎች እነማን ናቸው፣ የሚጮኽ ወይም የሚማታ አለ? ልጅዎ ድምፅ የሚያስፈራው ከሆነ ከእሱ ጋር ማን እንደሚሆን ሳያውቁ አይላኩት።

ምሽት ላይ ደግመው ይሂዱ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቤት ደህና ነው።

ፍሪጅ ላይ ቁልፍ ካለ ምን ችግር አለው? እኔም ቤት እቆልፋለሁ።

እናት ቤቷን ብትቆልፍና ድርጅት ቢቆልፍ በሕጉ አንድ አይደለም። በኤንዲአይኤስ ስር የሚሠራ ድርጅት የሰውን ነፃነት በሚገድቡ አምስት ዓይነት ድርጊቶች ላይ ከባድ ቁጥጥር አለበት፦ ለብቻ መዝጋት፣ ለማረጋጋት ተብሎ የሚሰጥ መድኃኒት፣ በመሣሪያ ማሰር፣ በእጅ መያዝና እንደ ፍሪጅ ያሉ ነገሮችን መቆለፍ። እነዚህን የሚያደርገው በባለሙያ የተዘጋጀ የባህርይ ድጋፍ ዕቅድ ኖሮ፣ በክፍለ ግዛቱም ፈቃድ ከተሰጠ ብቻ ነው። እኔ ይበልጥ የምፈራው መድኃኒቱን ነው፤ ልጅዎ ከሪስፓይት ሲመለስ ሁልጊዜ ፈዞ የሚመጣ ከሆነ የተሰጠውን ዝርዝር ይጠይቁ።

ጾሙን፣ ምግቡን፣ ሃይማኖቱን ያከብሩለታል?

ካልነገሯቸው አያውቁትም። በፕላኑ ላይ ይጻፍ፦ ረቡዕና ዓርብ ሥጋና ወተት አይበላም፣ ወይም ሐላል ብቻ ነው የሚበላው፣ በረመዳን እንዲህ ነው። እንጀራ በየሳምንቱ ቀዝቅዞ እንዲቀመጥለት ማድረግ ይቻላል፤ የማውቀው አንድ ቤት ፍሪዘር ውስጥ ሽሮ በትንንሽ ዕቃ ሞልቶ ያስቀምጣል፣ ሌሎቹም ነዋሪዎች ለምደውታል። ሴት ልጅዎን ሴት ብቻ ታጥባት የሚለው ጥያቄ ደግሞ ልመና አይደለም፤ ሳያፍሩ ይጠይቁ፣ ሠራተኛ የለንም ቢሉ «እስክታገኙ እንጠብቃለን» ይበሉ።

ልጄ 18 ሞልቶታል። አሁንም ስለ እሱ የምወስነው እኔ አይደለሁም?

ይህ ብዙ ወላጅ የሚደነግጥበት ነው። ልጁ 18 ሲሞላው በሕግ አዋቂ ነው፤ እናት መሆን ብቻውን የመወሰን ሥልጣን አይሰጥም። መጀመሪያ የሚታየው ልጁ በድጋፍ ራሱ መወሰን ይችል እንደሆነ ነው። ይህ ንቀት አይደለም፤ «አይችልም» ብለን ያሳደግነው ልጅ ብዙ ጊዜ ይችላል። በቪክቶሪያ አሳዳጊ ወይም የገንዘብ አስተዳዳሪ መሾም ግድ ከሆነ የሚወስነው ቪካት የሚባለው ፍርድ ሰጪ አካል ነው፤ ለተወሰነ ጉዳይና ለተወሰነ ጊዜ ይሰጣል። ግሩፕ ሆሙ «እናትየው መሆንሽን እናውቃለን፣ ግን ስለ ሕክምናው ልንነግርሽ አንችልም» ሲልዎ እንዳይጣሉ ይህን አስቀድመው ያስቡበት።

እኔ ስሞትስ?

ማንም ቀጥታ አይጠይቀኝም፤ ግን የሁሉም ጥያቄ ሥር ይኸው ነው።

ወላጅ ሲሞት ወይም በድንገት ሆስፒታል ሲገባ ልጁ ክፍት ወደሆነው አልጋ ነው የሚሄደው፤ ሩቅ ሰፈር ይሁን፣ የማይስማሙት ሰዎች ይኑሩበት፣ ምርጫ የለም። ስለዚህ ገና ብርቱ ሳሉ ይጀምሩ። ሪስፓይት ለዚህም ይጠቅማል፤ ልጁ ከእርስዎ ውጭ ማደር ይለምዳል። ፕላኑ ሲከለስ የወደፊት መኖሪያን እንደ ግብ ያስጽፉ። የልጁን ነገር ሁሉ በአንድ ደብተር ይጻፉ፦ ሲያለቅስ ምን ያረጋጋዋል፣ የትኛውን መዝሙር ይወዳል፣ ውሻ ይፈራ እንደሆነ። እህት ወይም ወንድም ካለው ይጠይቁት እንጂ አይፍረዱበት፤ «እሱ ይይዘዋል» ብለን ያልጠየቅነው ወንድም ብዙ ጊዜ ፐርዝ ነው ያለው።

አብሮት የሚኖረውን ሰው መምረጥ ይችላል?

በመርህ ይችላል። በተግባር ክፍሉ ባዶ ሲሆን ድርጅቱ ለመሙላት ይቸኩላል። አዲስ ሰው ከመግባቱ በፊት ነዋሪዎቹ እንዲተዋወቁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እራት አብረው እንዲበሉ ይጠይቁ።

ቅሬታ ካለን ለማን? ልጄን ይጎዱብኛል ብዬ እፈራለሁ።

ፍርሃቱን አልንቅም። ለዚህ ነው ብዙ መንገድ ያለው። ለድርጅቱ በጽሑፍ ይናገሩ፤ ካልሆነ በቀጥታ ለኤንዲአይኤስ ጥራትና ደኅንነት ኮሚሽን፣ 1800 035 544። ድርጅቱ ሞት፣ ከባድ ጉዳት፣ ጥቃት ወይም ቸልተኝነት ሲደርስ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኮሚሽኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ «አሳውቃችኋል ወይ?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። በቪክቶሪያ ደግሞ ኮሚኒቲ ቪዚተር የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ሳያሳውቁ ግሩፕ ሆም ገብተው ነዋሪዎችን የማነጋገር ሥልጣን አላቸው፤ በኩዊንስላንድና በኒው ሳውዝ ዌልስም ተመሳሳይ ጎብኚዎች አሉ። ቤቱን እንዲጎበኙ መጠየቅ ስም መስጠትን ያህል አይከብድም።

አዴሌይድ ውስጥ በ2020 አን ማሪ ስሚዝ የምትባል ሴት በራሷ ቤት፣ አንዲት ተንከባካቢ ብቻ እየተመላለሰችባት፣ በቸልተኝነት ሞተች። ግሩፕ ሆም ውስጥ አልነበረችም። ከዚያ በኋላ ብቻውን የሚኖርን ሰው አንድ ሠራተኛ ብቻ መያዙን የሚገድብ ደንብ ወጣ። ስለዚህ የምመክረው አንድ ሰው ብቻ የሚያየው ልጅ እንዳይኖር ነው፤ ቤተሰብ፣ የሰንበቴ ጓደኛ፣ የእድር ሰው፣ ተራ በተራ በየሳምንቱ ብቅ ይበሉ።

ግሩፕ ሆሞች ሁሉ ሊዘጉ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ነገ አይደለም። የሮያል ኮሚሽኑ አባላት ግሩፕ ሆም ይቅር በሚለው አልተጣሉም፤ ልዩነቱ በጊዜው ላይ ነበር። አንዱ ሐሳብ በ15 ዓመት ውስጥ ይቁም ሲል፣ ሌላው በትውልድ ዕድሜ የሚሄድ ረጅም ሽግግር ይሁን የሚል ነበር። ልጅዎ አሁን ያለበት ቤት ደህና ከሆነ በወሬ አይደናገጡ፤ አዲስ ቤት እየፈለጉ ከሆነ ግን ሁለት ሦስት ሰው የሚኖርበትን ወይም የራሱ በር ያለውን አፓርታማ ይጠይቁ።

ልጄን ጸበል ይዤው አገር ቤት ብሄድ ፕላኑ ይቋረጣል?

ከአውስትራሊያ ውጭ እስከ 6 ሳምንት መቆየት ችግር የለውም፤ ከዚያ ካለፈ ፕላኑ ሊታገድ ስለሚችል ከመሄድዎ በፊት ይንገሯቸው። ግሩፕ ሆም ውስጥ ከሆነ ክፍሉ እንዲጠበቅለትም ተነጋገሩ። መድኃኒቱን እዚህ ሳሉ ለሙሉ ጊዜው ያውጡ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ትልቋ ልጄ ትተርጉምልኝ?

ለእራት ጠረጴዛ አዎ፣ ለፕላን ስብሰባ አይ። እህት ስለ ወንድሟ ሽንት ቤት ጉዳይ በ16 ዓመቷ ባለሥልጣን ፊት እንድትተረጉም ማድረግ ለሁለቱም ከባድ ነው፤ የእርስዎንም ድካም አሳንሳ ትናገራለች። ወደ መንግሥት የስልክ አስተርጓሚ አገልግሎት፣ 131 450፣ ይደውሉ፣ የሚያነሳው ሰው የትኛውን ቋንቋ እንደሚፈልጉ ሲጠይቅዎ «አምሃሪክ» ይበሉ፤ ከዚያ ከኤንዲአይኤስ 1800 800 110 ጋር ያገናኝዎታል፣ አይከፍሉም። አስተርጓሚው የሚያውቁት የሰፈር ሰው ሆኖ ካገኙት ሌላ ይቀየርልኝ ማለት ይችላሉ።